ያልገዛኋት ጥቁር መኪና

ባለፈው ወር አንድ የድሮ ጎረቤታችን አርፈው፣ ለቅሶ ለመድረስ ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄጄ ነበር። ቂርቆስ ሳለን በአንድ የግቢ በር የምንወጣና የምንገባ ሰዎች ዛሬ በየአቅጣጫው ተበትነን፣ የምንገናኘው ከመሃላችን አንዱ ሲሞት ብቻ ሆኗል። ድንኳኑ ውስጥ እትዬ ዘነበችን አየኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ያወቁኝ በድምፄ ነው። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ስለ ጤናዬና ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፤ እናቴንም አንስተው ነፍስ ይማር አሉ። ከዚያ የቀረበልኝን ንፍሮ እየቆነጠርኩ ሳለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«እኒያ ባለመኪናው ሰውዬሽ ደህና ናቸው?» አሉኝ።

በክፋት አልነበረም። አንድ የጠፋ ዘመድ እንደሚጠየቅ ነው የጠየቁኝ። እኔ ግን እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ፣ ልጆች ያሳደግኩ፣ ጡረታ መውጫዬን የምጠባበቅ ሴት ነኝ። እንደዚያ ዓይነት ሙቀት ፊቴ ላይ ከወጣ ስንት ዘመኑ! «ደህና ናቸው» አልኩና ወሬውን ወደ ቀብሩ መለስኩት። ሰውየው ከሞቱ ቆይተዋል። «ሰውዬሽ» የሚባሉትም ዓይነት ሆነው አያውቁም።

ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን በሙሉ ያቺን ጥቁር መኪና ሳስብ መጣሁ።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ካዛንቺስ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ሃያዎቹን ልጨርስ ጥቂት ነበር የቀረኝ። የምኖረው ከእናቴ ጋር፣ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ በጠባብ ቅያስ ተገብቶ በሚገኝ ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ ልጅ ሳለሁ ስለሞተ እናቴ ያሳደገችኝ ልብስ ሰፍታ ነበር። ክረምት ሲገባ፣ በተለይ ነሐሴ ላይ፣ ቤታችን በተማሪ ዩኒፎርም ጨርቅ ይሞላል። አልጋው ላይ ሰማያዊ፣ ወንበሩ ላይ ግራጫ፣ መሬቱ ላይ ቁርጥራጭ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ውስጥ የእናቴ የስፌት መኪና ይጮሃል። እኛ ቤት «መኪና» ሲባል እሱ ነው። እንዲያውም የመጀመሪያ ቀን «እማዬ፣ መኪና ልገዛ አስቤያለሁ» ስላት፣ ቀና ሳትል «ይኼ ምን ሆነ? ገና አልደከመም» ብላኛለች።

ያኔ ሥራ የምሄደው አንዳንዴ በታክሲ፣ አንዳንዴ በእግሬ ነበር። በክረምት ታክሲ ማግኘት ትግል ነው። ጃንጥላ ከጃንጥላ ይጋጫል፣ ወያላው «ካዛንቺስ፣ ካዛንቺስ!» ሲል ሰው በአንድ በር ይረባረባል፤ የተሳካለት ገብቶ፣ ያልተሳካለት በጎማ የተረጨ ጭቃ ቀሚሱ ላይ ይዞ ይቀራል። እኔ ከቀሩት ስሆን በመስቀል አደባባይ አድርጌ ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ፤ ቢሮ ደርሼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ጫማዬን አጥባለሁ። ገንዘብ ማጠራቀም ከጀመርኩ ዓመታት ሆኖኝ ነበር። ለመንጃ ፈቃድ ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ ካርዱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ መዞሬን ከእናቴና ከቢሮ ጓደኛዬ ከሂሩት በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

መኪናዋን ግን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቃታል። የጋሽ ጌታቸው ነበረች። ጋሽ ጌታቸው ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚሠሩ መሐንዲስ ናቸው፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ክራቫት ሳያስሩ የማይታዩ፣ ጨዋታና ቀልድ የሚያውቁ ሰው። ውጭ አገር ተምረው ሲመለሱ ይዘዋት መጡ። የጃፓን ሥራ ናት፤ ባለ ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ የሾለ። ጥቁር ሆና በጎንና በጎኗ ቀጭን ወርቃማ መስመር ነበራት፤ ወንበሮቿ ደማቅ ቀይ ናቸው። ፋብሪካው ጥቂት ብቻ ሠርቶ ያቆመው ዓይነት ነው ይባላል፤ ጎረምሶቹ «ስፔሻል ኤዲሽን» እያሉ በአጠገቧ ሲያልፉ ጎንበስ ብለው የሚያዩት፣ ከካምቢዮው አጠገብ ተራ ቁጥሯ የተጻፈባት ትንሽ የናስ ሰሌዳ ነበረች። እኔ ደግሞ ጠረጴዛዬ መስኮቱ ዘንድ ስለሆነ በየቀኑ ስትገባና ስትወጣ አያታለሁ። የማርሚታዋ ድምፅ ገና ከበሩ ሲሰማ እጄ የሒሳብ ማሽኑ ላይ ይቆማል።

አንድ የነሐሴ ቀን ምሳ ላይ ጋሽ ጌታቸው ሊሸጧት እንደሆነ ተናገሩ። ወገባቸው ታሞ ነበር። ሐኪሙ ከዝቅተኛ ወንበር እንዲርቁ መክሯቸዋል፣ ባለቤታቸውም እየጎተትኩ ማውጣት ሰለቸኝ ብለዋል። ሁሉም ሳቀ። እኔ ሽሮዬን ትቼ ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ፤ መብላት አቅቶኝ ነበር።

ሂሩት ሐሳቤን ወዲያው አወቀችብኝ። ቤንዚን ትበላለች፣ መለዋወጫዋ አይገኝም፣ ሆዷ የቂርቆስን ድንጋይ አይችልም፣ የኋላ ወንበሯ የሰው አይደለም፤ የማልገዛበትን ምክንያት አንድ በአንድ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ፣ «በቃ ግዢያት» አለችኝ። «ማለቴ፣ ባል መጥቶ እስኪገዛልሽ ልትጠብቂ ነው?»

በማግስቱ ፎቅ ወጥቼ ጋሽ ጌታቸውን አናገርኳቸው። መጀመሪያ ለወንድሜ ወይም ለእጮኛዬ መስሏቸው ነበር። ለራሴ መሆኑን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና ደስ አላቸው። ሌላ ፈላጊ እንዳለ፣ ግን እኔ አይቼ እስክወስን እንደሚጠብቁኝ ነገሩኝ። ዋጋውንም ለእኔ በሚሆን መልኩ አደረጉልኝ።

ያን ዕለት ከሥራ በኋላ ለሙከራ ወጣን። ከካዛንቺስ ቁልቁል መስቀል አደባባይ፣ ከዚያ ወደ መስቀል ፍላወር እኔ ነዳሁ። ፍሪሲዮኑ ከባድ ነው፤ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ጠፍታብኝ ከኋላ ጡሩምባ ተነፋብኝ። አንዴ ከያዝኳት በኋላ ግን እግሬን ነካ ሳደርግ እንዴት እንደምትሄድ! ሰው ሲሮጥ ሆዱ ውስጥ እንደሚሰማው ዓይነት ነገር ነው። ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ ያበራ ነበር። መስቀል ፍላወር ዳር ላይ አንዲት ሴትዮ በቆሎ ስትጠብስ አይተው አስቆሙኝና ገዙ። ቀዩ ወንበር እንዳይቆሽሽ ጉልበታችን ላይ ጋዜጣ ዘርግተን፣ መስኮቱን ከፍተን በላን። ስለ መኪናዋ አወሩኝ፤ የት እንደገዟት፣ ባለቤታቸውን መጀመሪያ ይዘው የሄዱት በሷ እንደሆነ፣ ልጆቻቸው ግን ሲያድጉ እንዳልፈለጓት። የያዛትን እጅ ታውቃለች፣ ለማይወዳት ብሸጣት አዝናለሁ አሉኝ።

መሽቶ ሳይጨልም ወደ ቂርቆስ መለሱኝ። ሰፈር ውስጥ መንዳት ስለፈራሁ መሪውን ይዘው የነበሩት እሳቸው ናቸው። ቅያሱ አፍ ላይ ስንደርስ ከሥር ድንጋይ ጫረንና ሆዷን ሊያዩ መውረድ ፈለጉ። በሩን ከፈቱ፣ እግራቸውን አወጡ፣ ግማሽ ሲነሱ ወገባቸው ያዛቸው። ወደ ላይም ወደ ታችም የለም። ሮጬ ዞርኩና ሁለት እጃቸውን ይዤ ሳብኳቸው። ቀና ሲሉ ሚዛናቸውን እስኪያገኙ ትከሻዬን ይዘው ቆሙ፤ በሁኔታቸው እሳቸውም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ።

ቅያሱ አፍ ላይ ሽንኩርትና ድንች የሚቸረችሩ ሴቶች ነበሩ። ከነሱ ጋር ቆመው የሚያወሩ ጎረቤቶቻችንም ነበሩ። ሰላም አልኳቸው፤ መለሱልኝ። ምንም አልጠረጠርኩም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። ጋሽ ጌታቸው እግረ መንገዳቸውን እናቴን ሰላም ሊሉ ፈልገው ነበር። ቤታችን እንዴት እንደሆነ ዓይኔ ላይ መጣ። አልጋው የማይታይበት ጨርቅ፣ የሚያፈሰው ጣሪያ ሥር የተቀመጠው ባልዲ፣ እንግዳ የሚቀመጥበት አንድ ደህና ወንበር እንኳ አለመኖሩ። ያን ክራቫትና ያን ካፖርት ይዘው የት ሊቀመጡ ነው? እናቴ ዛሬ ሥራ በዝቶባታል፣ ሌላ ቀን ይምጡ አልኳቸው። ገብተው ቢሆን፣ ከእናቴ ጋር አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥተው፣ እናቴ እስከ ቅያሱ ድረስ ብትሸኛቸው ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ መነሻ ባላገኘ ነበር። በቤታችን አፍሬ መለስኳቸው።

ሁለት ሳምንት ያህል አሰብኩበት። ማታ ማታ ለእናቴ እቆጥርላታለሁ፤ ቤንዚኑ፣ ጎማው፣ ማቆሚያው። እሷ መርፌ በጥርሷ ነክሳ ትሰማኛለች። አንድም ቀን ተይው ወይም ግዢው አላለችኝም። አንድ ማታ ብቻ፣ «አንቺ ስትነጂ እንዴት ነው የምትቀመጪው?» አለችኝና ወንበሩ ላይ አሳየኋት። እግሬን ዘርግቼ፣ እጄን መሪ ላይ አድርጌ፣ ወደ ኋላ ዘንበል ብዬ። ረዥም ጊዜ አየችኝ። «እንደ ትልቅ ሰው» አለች፤ ወደ ስፌቷም ተመለሰች።

በመሃሉ የነሐሴ ማርያም አለፈች። እናቴ በየወሩ በሃያ አንድ ከጎረቤት ሴቶች ጋር የማርያም ማህበር ትጠጣለች፤ የዚያን ወር ተረኛዋ ሌላ ሴት ነበረች። እንደ ሁልጊዜው ሄዳ እንደ ሁልጊዜው ተመለሰች። ጸበል ጻዲቁን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አምጥታልኝ በላሁ። ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር አልነበረም፤ ወይም አላየሁም።

ከዚያ በመጣው ቅዳሜ ጋሽ ጌታቸው ቁልፉን ሰጡኝ። እሑድን ከሷ ጋር ውለሽ ሰኞ ወስኚ አሉኝ። ያን ቀን ብቻዬን ነዳኋት። ቅያሱ ስለማያስገባት ከዋናው መንገድ ዳር፣ ዘበኛ ያለበት ቦታ አቆምኳት። እናቴ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ልታያት ወጣች። ጨለምለም ብሎ ነበር። ዞረቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ወርቃማውን መስመር ከፊት መብራቱ ጀምራ እስከ ኋላ ድረስ በአውራ ጣቷ ተከተለችው። ስፌት ስትመረምር እንደዚያ ነው የምታደርገው። «ቀጥ ብሏል» አለች። «ግቢ፣ አንድ ጊዜ በአደባባዩ አዙሬ ላምጣሽ» ብላት እምቢ አለችኝ። «የራስሽ ስትሆን እገባለሁ። በሰው ንብረት ምን አዞረኝ?»

እሑድ ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ብቻዬን ወጣሁ። ዝናብ አልነበረም። መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ ሯጮች ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ ትንፋሻቸው እንደ ጭስ ይታያል። መስኮቱን ከፍቼ ቀስ እያልኩ ዞርኩ። ከዚያ መንገዱ ባዶ ስለነበር እስከ ቦሌ መዳረሻ በአራተኛ ማርሽ ሄድኩ። ከሯጮቹ አንዷ፣ በኔው ዕድሜ የምትሆን ልጅ፣ ሳልፍ እጇን አነሳችልኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እኔም አነሳሁላት። በሕይወቴ ብዙ ደህና ነገር አግኝቻለሁ፤ እንደዚያ ጠዋት ግን የራሴ ሰው መሆኔ የተሰማኝ ቀን ጥቂት ነው። ስመለስ ወስኜ ነበር። ልገዛት ነው።

እትዬ ዘነበች ከቅዳሴ ተመልሰው ግቢያችን በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ያኔ ጠንካራ ሴት ነበሩ፤ ለእናቴም የቅርብ ሰው ናቸው፣ ልጅ ሳለሁ ስታመም አዝለውኝ ጤና ጣቢያ የሄዱ ናቸው። ወደ ጥጉ ወሰዱኝ።

«የሺ፣ እኔ እንደ እናትሽ ነኝ» አሉኝ። «ሰውየው ባለትዳር ናቸው?»

መጀመሪያ የትኛው ሰውዬ እንደሆነ አልገባኝም። ሲገባኝ ያ ሁሉ የጠዋት ደስታ ከእግሬ ሥር የከዳኝ መሰለኝ።

«እትዬ ዘነበች፣ መኪናዋን ልገዛት እኮ ነው» አልኳቸው።

«ይሁን። እኔ ምን አገባኝ? ግን ሰው እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ አይቷል። ትከሻሽን አቅፈው አይቷል። ሴት ልጅ ከየት አምጥታ እንዲህ ያለ መኪና ትገዛለች ይላል ሰው። ማርያም ዕለት ማህበር ላይ ሳይቀር ተነስቷል፤ እናትሽ ባለችበት።»

ወገባቸውን አሟቸው ነው ማለት ነበረብኝ። ሊወጣልኝ አልቻለም። እንዲህ ያለውን ነገር ሲያስተባብሉት ራሱ እንዴት ይቀፋል! አፌን ብከፍት ማልቀሴ ነበር። እናቴ ባለችበት የሚለው ቃል ደግሞ ሌላውን ሁሉ ዋጠው። ወዲያው ስዕሉ መጣልኝ። እናቴ በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣ፣ ስለ ልጇ እንዲህ ሲባል አንገቷን ደፍታ፣ ጠላው ፊት ለፊቷ እንደተቀመጠ። ተመልሳም ምንም ሳትነግረኝ ጸበል ጻዲቅ ስታጎርሰኝ። እሷ ምን አለች ብዬ አልጠየቅሁም። ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ አንድ ጥያቄ ነበር።

ያን እሑድ ከዚያ በኋላ ከግቢ አልወጣሁም። እናቴ «ሄደሽ አትነጂም?» ስትለኝ ራሴን አሞኛል አልኳት። እሷ ፊት መቀመጥ እንኳ ከበደኝ። ውጭ ባልዲ ይዤ ወደ ቧንቧ ስሄድ የሚያወሩት ዝም ያሉ መሰለኝ፤ ምናልባት እውነት ዝም ብለው ይሆናል፣ ምናልባትም ለእኔ ብቻ መስሎኝ ይሆናል። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ሰኞ ገና ሰው ሳይወጣ መኪናዋን አስነሳሁ። ድምፅዋ ሰፈሩን እንዳይቀሰቅስ ቤንዚን ሳልሰጣት ቁልቁለቱን እየተንሸራተትኩ ወረድኩ፤ እንደ ሌባ።

ጋሽ ጌታቸው ቁልፉን ጠረጴዛቸው ላይ ሳስቀምጥ የወረቀት ጉዳይ ልንጀምር መስሏቸው ወንበር ሳቡልኝ። ቆሜ እንደማልገዛት ነገርኳቸው።

«ዋጋው ከብዶሽ ነው?»

«አይደለም።»

«ሞተሯ ላይ ያየሽው ነገር አለ?»

«የለም፣ ጋሽ ጌታቸው። የኋላ ወንበሯ ጠባብ ሆነብኝ» አልኩ።

የኋላ ወንበር እንደሌላት የሚቆጠር መኪና መሆኗን ከመጀመሪያውም አውቅ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። ምን ልበላቸው? በሰፈሬ ሰዎች አፍ የእኔ ውሽማ ሆነዋል ልበላቸው? በልጃቸው ዕድሜ ያለሁ ሴት ነኝ። ባለቤታቸው መኪናዋ ለእኔ በመሆኗ ደስ ብሏቸው እንደነበር፣ እንግዲህ እንደሚያዝኑ ብቻ ነገሩኝ። ቁልፉን ወሰዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮሪደር ላይ ሳገኛቸው አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ፤ ሊፍት ውስጥ ካሉ በደረጃ እወርዳለሁ። የተባለው እውነት ቢሆን ኖሮ ከዚህ የተለየ ምን ላደርግ ነበር?

ማታ ቤት ስገባ እናቴ ስፌት ላይ ነበረች። ኮቴን እያወለቅኩ፣ ነገሩን ቀላል ለማስመሰል ጀርባዬን ሰጥቻት፣ መኪናዋን መመለሴን ነገርኳት። የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«ለምን?»

ቤንዚኑን፣ መለዋወጫውን፣ መንገዱን አነሳሁ። አስጨርሳኝ፣

«ሰው ተናግሮሽ ነው?» አለች።

ዞር ብዬ አየኋት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ በቀጥታ እያየችኝ ነበር። ማህበር ላይ እሷ ባለችበት ስለኔ መነሳቱን እትዬ ዘነበች እንደነገሩኝ አልደበቅኋትም።

«እኔ ያልኩትንስ ነገረችሽ?»

«አልነገሩኝም» አልኳት።

«ልጄ ሠርታ ባገኘችው ነው የምትገዛት አልኳቸው። መስከረም ማርያም በሷ ይዛኝ ትመጣለች፣ ያኔ ወጥታችሁ እዩን አልኳቸው።» ድምፅዋን አላነሳችም። «እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናግሬ ነበርኮ፣ የሺ።»

ሄጄ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ነገ በጠዋት ሄጄ መልሼ እወስዳታለሁ አልኳት። እሷ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈችና፣ ሰማያዊውን ጨርቅ ከመርፌው ሥር አስተካክላ ስፌቷን ቀጠለች።

በማግስቱ ጋሽ ጌታቸው ቢሮ ከመግባታቸው በፊት በራቸው ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ሐሳቤን እንደገና መቀየሬን ስነግራቸው አልተቆጡም፤ ብቻ አዘኑልኝ። የቀድሞውን ፈላጊ ሰኞ ከሰዓት ጠርተው፣ ቃል ሰጥተውት፣ ሰውየውም ቀብድ ከፍሏቸው ነበር። ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አልነበሩም። የገዛት የቄራ ነጋዴ ልጅ ነው፤ መስከረም ሳይጠባ ሙዚቃ ከፍቶ በመስቀል ፍላወር ሲያልፍ አየሁት። ወርቃማውን መስመር አስነስቶ በጎኗ ሌላ ነገር አስለጥፎባታል።

ሰፈር ውስጥ ደግሞ ወሬው ዞረ። መኪናዋ መጥታ፣ ሁለት ሌሊት አድራ፣ ጠፋች። ለዚህ ሰው የሚሰጠው ትርጉም አንድ ነው፦ ሰውየው ተጣልቷት መኪናውን ነጠቃት። ይህን ያመጣችልኝ ሂሩት ናት፤ ታክሲ ውስጥ ሰምታ። የበፊቱ ወሬ ጥርጣሬ ነበር፤ አሁን እኔው በእጄ ማስረጃ ሰጥቼ አጸናሁት። ዝም ብዬ ገዝቻት በየቀኑ እየነዳሁ በፊታቸው ባልፍ፣ አንድ ዓመት ያወሩና ይሰለቻቸው ነበር። ይህን ያሰብኩት ግን በጣም ቆይቼ ነው።

መስከረም ሃያ አንድ ደረሰ። ዝናቡ ቆሞ፣ በየአጥሩ ሥር አደይ አበባ ወጥቶ፣ ቅያሱ ደርቆ ነበር። ቅዳሜ ስለነበረ ቤት ነኝ። እናቴ ዛሬ እንዳትሄድ ልለምናት አስቤ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ። አሞኛል ብትል፣ ሥራ በዝቶብኛል ብትል ማንም አይፈርድባትም ነበር። እሷ ግን ጸጉሯን ተሠርታ፣ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ በመስታወቷ ራሷን አይታ ተነሳች። ማህበሩ የሚጠጣበት ቤት ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወዲያ ማዶ ስለሆነ፣ ቢያንስ ታክሲ ልጥራልሽ፣ አብሬሽ ልምጣ አልኳት። «በእግሬ እሄዳለሁ» አለችኝ።

በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ሽንኩርት ሻጮቹ ዘንድ ስትደርስ ቆም ብላ እንደወትሮዋ ሰላም አለቻቸው፤ የአንዷን ልጅ ጉንጭ ነካች። ከዚያ ቀጥ ብላ፣ ሳትፈጥንም ሳትዘገይም፣ ዋናው መንገድ ላይ ወጥታ ታጠፈች። ከሴቶቹ አንዷ ወደ ግቢያችን በር ዞር ብላ ስታየኝ ወደ ውስጥ ገባሁ።

አመሻሽ ላይ ተመለሰች። ቀሚሷን ቀይራ፣ አጣጥፋ አስቀመጠችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። እንዴት ነበር አልኳት። ጠላው ዘንድሮ ጥሩ እንደወጣላቸው ነገረችኝ። ሌላ ነገር አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከዓመታት በኋላ ግራጫ፣ ባለ አራት በር፣ ማንም ዞሮ የማያያት መኪና ገዛሁ። አገባሁ፣ ወለድኩ። እናቴ በዚያች መኪና ከኋላ ተቀምጣ ብዙ ቦታ ሄዳለች፤ ወደ ጠበል፣ ወደ ሐኪም ቤት፣ ወደ ልጆቼ ትምህርት ቤት። ስለ ጥቁሯ አንድ ቀን እንኳ አላነሳችም። አንዴ ብቻ፣ መስቀል አደባባይ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ፣ አንድ ጎረምሳ ዝቅ ባለች መኪና በጩኸት አጠገባችን አልፎ ሲሄድ በመስኮቱ ተከትላ እስኪጠፋ አየችው። በመስታወቱ አይቻታለሁ። መብራቱ ለቀቀና ነዳሁ።

እናቴ ካረፈች አሥር ዓመት አልፏል። ግቢያችንም፣ ቅያሱም፣ ማህበሩ የተጠጣባት ቤትም ዛሬ የሉም። እኔ አሁን ያኔ እሷ በነበረችበት ዕድሜ ላይ ነኝ። ያን ነገር ሳስበው ለረዥም ጊዜ፣ መኪናዋን የተውኳት ለእናቴ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አጽናንቻለሁ፤ ለሌሎችም እንደዚያ ብዬ አውርቻለሁ። እውነቱ ይህ አይደለም። ለእሷ ብዬ ቢሆን ኖሮ አስቀድሜ እሷን እጠይቅ ነበር። የተውኳት አፍሬ ነው። እናቴ እንደምታፍር የገመትኩት የራሴን እፍረት በእሷ ላይ አልብሼ ነው፤ እሷ ግን አላፈረችም።

ሴት ልጅ ያኔ በሰው አፍ መግባቷ ከባድ ነበር፤ ይህን ለልጆቼ ሳስረዳቸው አይገባቸውም፣ ባይገባቸውም ደስ ይለኛል። ስለ ወሬው ራሱ ዛሬ ብዙም አይሰማኝም። እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። እናቴ መስከረም ማርያም ዕለት እዚያ ቤት ስትገባ፣ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ስትቀመጥ፣ ከሴቶቹ አንዷ በር በሩን እያየች «የታለች መኪናዋ?» ብላት ይሆን? ማንም ባይጠይቃት እንኳ ያ ዝምታ ነበር። በዚያ መሃል ጠላዋን ተቀብላ ጠጣች፣ ጸሎቱን አደረሰች፣ ጨርሳ ተነስታ በእግሯ መጣች። ምን ብላ እንደመለሰችላቸው አላውቅም። ምን እንዳለች ቢጠፋኝም፣ ስለ እኔ አንድ ክፉ ቃል እንዳልተናገረች ግን አውቃለሁ።